የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ «ተሰጣቸው» የሚለውን ቃል የሰረዝንበት ዓመት

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ መጨረሻው የዘለቀው በአንድ ርዕስ ነው፤ ሴቶች የመምረጥ መብታቸውን ለማስከበር ባደረጉት ትግል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያው ቀን አባላቱ ስለ ጉዳዩ የሚያውቁትን በሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ ጠየቅኋቸው። በኒውዚላንድ በ1893 ተሰጣቸው፤ በፊንላንድ በ1906 ተሰጣቸው፤ በአሜሪካ በ1920 ተሰጣቸው። ዓመታቱ ትክክል ነበሩ። ግሡ ግን ከነከነኝ። ማን ሰጠ? ለምን ያኔ ሰጠ? ከዚያስ በፊት ለምን ከለከለ? የዓመቱ ሥራችን ከዚህ ተነሣ።

ብዙ ጊዜያችንን የወሰደችው ኒውዚላንድ ናት፤ አልቆጨኝም። ኬት ሼፐርድና የትግል ጓዶቿ በ1891 ወደ 9 ሺህ ፊርማ አሰባስበው ለፓርላማ አቀረቡ፤ ሳይሳካ ቀረ። በ1892 ቁጥሩን ወደ 20 ሺህ አደረሱት፤ አሁንም አልሆነም። በ1893 ወደ 32 ሺህ ደረሰ። ዋናው አቤቱታ 546 ወረቀቶች ጫፍና ጫፋቸው ተጣብቆ 270 ሜትር የሚረዝም ጥቅል ነበር። የፓርላማ አባሉ ሰር ጆን ሆል በምክር ቤቱ ወለል ላይ ሲለቁት እየተተረተረ ሄዶ ከወዲያኛው ጫፍ ጋር ተላተመ።

ከአባላቱ አንዷ «270 ሜትር ምን ያህል ነው?» ብላ ጠየቀች። በቃል ከመመለስ ሠርቶ ማየት ይሻላል ብለን ያገለገሉ የፈተና ወረቀቶችን በሙጫ ማጣበቅ ጀመርን። ሁለት ሳምንት ሠርተን 90 ላይ ወረቀት አለቀብን። በኮሪደሩ ስንዘረጋው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ደረሰ፤ ሆኖም በርዝመት የዋናውን አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። መስመሮቹን በስም ለመሙላት የተንበረከከው ልጅ ሁለተኛውን ወረቀት ሳይጨርስ እጁ ዛለ። እነዚያ ሴቶች ግን ፊርማውን ያገኙት በየደጃፉ እየዞሩ፣ በር እያንኳኩ፣ እምቢ ሲባሉም ወደሚቀጥለው ቤት እያለፉ ነው። ያም ሆኖ ሕጉ በላይኛው ምክር ቤት ያለፈው በ20 ለ18 ድምፅ ነበር። ይህን ቁጥር ስናነብ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከእንግሊዝ ታሪክ አባላቱ በጭውውት ያሳዩት የ1866ቱን አቤቱታ ነው። ኤሚሊ ዴቪስና ኤሊዛቤት ጋሬት ወደ 1,500 የሚጠጋ ፊርማ የያዘውን ጥቅል ተሸክመው ወደ ፓርላማው አዳራሽ ሲገቡ የሰው ዓይን ስለከበዳቸው፣ አቤቱታውን የሚያቀርብላቸው የፓርላማ አባል ጆን ስቱዋርት ሚል እስኪመጣ ድረስ አንዲት ፖም ሻጭ በጠረጴዛዋ ሥር እንድትደብቅላቸው ለመኗት። የእንግሊዝ ሴቶች ከወንዶች እኩል በ21 ዓመታቸው መምረጥ የቻሉት በ1928 ነው፤ ከዚያች ቀን 62 ዓመት በኋላ። በ1918 ወጥቶ የነበረው ሕግ 30 ዓመት የሞላቸውንና የንብረት መስፈርት የሚያሟሉትን ብቻ የሚመለከት ነበር።

መስታወት የሰበሩትና በእስር ቤት የረሃብ አድማ የመቱት የኤመሊን ፓንክኸርስት ተከታዮች ናቸው ወይስ ሕግ አክብረው የታገሉት የሚሊሰንት ፎሴት ወገኖች ይህን ያመጡት በሚል ክርክር አካሄድን። አብዛኛው አባል ከመጀመሪያዎቹ ጋር ቆመ። እኔ አልተስማማሁም፤ የአደባባዩ ጩኸት በታሪክ መጽሐፍ ጎልቶ ይታያል እንጂ፣ ለአሥርት ዓመታት ደብዳቤ የጻፉትንና ፊርማ የለቀሙትን መርሳት በደል ነው እላለሁ። ክርክሩ ግን ባለመስማማት ነው የተዘጋው።

አንድ ነገር በትክክል አላስኬድሁም። በአውስትራሊያ በ1902 ሴቶች የመምረጥ መብት ሲያገኙ አብዛኞቹ ነባር ሕዝቦች፣ ሴትም ሆኑ ወንድ፣ ተገለው ቀርተዋል፤ በአገር አቀፍ ምርጫ ሁሉም የመምረጥ መብት ያገኙት በ1962 ነው። በአሜሪካም የደቡብ ግዛቶች ጥቁር ሴቶች ከ1920 በኋላ እንኳ በልዩ ልዩ ዘዴ ከምርጫ ሲታገዱ ቆይተው ነው የ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ የደረሰላቸው። ይህን በመጨረሻዎቹ ሁለት ስብሰባዎች አጨናንቄ አስገባሁት፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮን መጓዝ ነበረበት። ስዊዘርላንድንም፣ በአገር አቀፍ ደረጃ እስከ 1971 ድረስ የዘገየችውን፣ ሳናያት አለፍን።

በመጨረሻው ስብሰባ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሻርሎት ዉድዋርድ አነበበችልን። ሻርሎት በ1848 በአሜሪካ፣ በሴኔካ ፎልስ የሴቶችን መብት መግለጫ ከፈረሙት 68 ሴቶችና 32 ወንዶች አንዷ ናት፤ ጓንት እየሰፋች የምትኖር ወጣት ነበረች። መብቱ ከ72 ዓመት በኋላ ሲረጋገጥ ከፈራሚዎቹ መካከል በሕይወት የነበረችው እርሷ ብቻ ናት፤ በምርጫው ቀን ግን ታምማ ስለነበር ድምፅ አልሰጠችም። አንባቢዋ እዚህ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ እኔም ወዲያው ቃል አልወጣልኝም።

የሠራነው ጥቅል ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። 456 ወረቀቶች ይቀሩታል፤ ጀርባው ንጹሕ የሆነ ያገለገለ ወረቀት ያላችሁ ለክበቡ አባላት ብትሰጡ በመስከረም እንቀጥላለን።