ለልጄ፣ ስለዚያች የምትጮህ ዕቃ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ ሙቀቱ ብቻ ነው። አዳማን ታውቂያታለሽ፤ ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴው ራሱ እጅ ያቃጥላል።

መኪናሽን ትተሽልኝ ከሄድሽ ሳምንት ሆነ። በስልክ "አባዬ፣ ራዳር ጠቋሚዋን አሰርክልኝ?" እያልሽ ትጨቀጭቂኛለሽ፤ አጎትሽ የላከልንን፣ የትራፊክ ፍጥነት መለኪያ ሲኖር የምትጮኸውን ዕቃ ማለትሽ ነው። መልሱ ስለሚረዝም በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

አስሬልሽ ነበር። ከዚያ ፈታኋት።

ቪትዝሽን ዳሽቦርዷ ሥር ገብቼ ሳያት ደነገጥኩ። መሪዋን ከቀኝ ወደ ግራ ያዞረው ሰው ሽቦ በሽቦ ላይ ጠምዝዞ፣ ናስትሮ ጠቅልሎበት ነው የሄደው። ናስትሮው በሙቀት ቀልጦ እንደ ማር እጄ ላይ ተጣበቀ። መንገድ ዳር ያለ ልጅ ከዚያ መሐል አንዱን ሽቦ ልጦ ቢቀጥልበት ኖሮ፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቃጠሎ ነበር። እኔ በቴስተር እየነካካሁ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኘውን የሲጋራ መለኮሻ ፊውዝ ፈለግኩ። የራሱ ትንሽ ፊውዝ ያለው መቀጠያ ሰካሁበት። ኔጋቲቩን ቀለሙን ፍቄ ከመኪናዋ ብረት ጋር በብሎን አሰርኩት። ሽቦውን በበሩ ጎማ ሥር አሳልፌ ወደ ጣሪያው አወጣሁ። ኤርባግ ባለበት በኩል ሽቦ የሚያልፈው ከኤርባጉ ኋላ ነው፤ ከፊቱ የሚያሳልፍ ሰው ካየሽ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ። ዕቃዋን ከመሐል መስታወቱ አጠገብ ከፍ አድርጌ ሰቀልኳት። ፊቷ ክፍት መሆን አለበት፤ ብረት ነክ ፊልም ከተለጠፈ መስታወት ጀርባ ደንቆሮ ትሆናለች።

ከዚያ ልሞክራት ወጣሁ። ገና ፍራንኮ ሰፈር ሳልደርስ ጮኸች። ትራፊክ የለም፣ ማንም የለም። ዞር ብል በሩ ራሱ የሚከፈት ባንክ ነው! የእነዚያ በሮች ዓይን የትራፊክ ራዳሮች የሚሠሩበትን ሞገድ ይጋራል። ሰው ገንዘብ ሊያወጣ በገባ ቁጥር ጢጥ ጢጥ። ፈጣኑ መንገድ ላይ ስወጣ ደግሞ አንድ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና አጠገቤ አለፈና እሪ አለች። የአንዳንዶቹ የጎን መጠበቂያ ራዳር በ24 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠራው፤ ብዙ የትራፊክ ራዳርም እዚያው ነው።

አሠራሩን ልንገርሽ፣ በኋላ ለምነግርሽ ነገር ይጠቅማል። ልጅ ሆነሽ የጋራዡ በር ላይ ቆመሽ የከባድ መኪና ክላክስ ትሰሚ ነበር። ሲመጣ ይቀጥናል፣ ካለፈ በኋላ ይወፍራል። ይህን ያብራራው ዶፕለር የሚባል የኦስትሪያ ሰው ነው፣ በ1842 እ.ኤ.አ.። የትራፊኩ መሣሪያም ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ መኪናሽን ነክቶ ሲመለስ እንደ ፍጥነትሽ ተለውጦ ነው። በ24 ጊጋኸርዝ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሞገዱን በሰከንድ 4,500 ንዝረት ገደማ ይለውጠዋል። መሣሪያው ያንን ቆጥሮ ኪሎ ሜትር ያወጣል። ትራፊኩ መንገድ ዳር በማዕዘን ሲቆም ቁጥሩ ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም።

ያንቺ ዕቃ ደግሞ ሬዲዮ ናት በያት። ታዳምጣለች፣ ሌላ ሥራ የላትም። ትራፊኩ ባለፈው መኪና ሁሉ ላይ ሞገዱን ዝም ብሎ ከለቀቀው ከሩቅ ትሰማዋለች። ጣቱን ቃታው ላይ አድርጎ አንቺን ብቻ ከጠበቀ ግን፣ እሷ ጢጥ ስትል እሱ አንብቦ ጨርሷል። መሣሪያው በሞገዱ ፈንታ በብርሃን ጨረር የሚለካው ሌዘር ከሆነማ ይብሳል። ጨረሩ በ300 ሜትር ርቀት ላይ ስፋቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ታርጋሽ ላይ ያርፋል። ያኔ ብትጮህም "ተለክተሻል" ማለቷ ነው። ከፊት የሚመጣ ሹፌር መብራት ብልጭ ቢያደርግልሽ ከሷ ይቀድማል።

አጎትሽን ደውዬ አመሰገንኩት፣ ሳቄ ግን አልቆም አለኝ። የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። በአሜሪካ ይህችን ዕቃ በግል መኪና መጠቀም የሚከለክሉት ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ብቻ ናቸው። እሱ ጋ የማትሰቀለውን ነው ለእኛ የላከልን!

አሁን ወደ ቅጣትሽ። የፈጣኑን መንገድ ክፍያ ሽሽት በአሮጌው መንገድ መጥተሽ ሞጆ ጋ ተያዝሽ። "ቆጣሪዬ 80 እያለ ራዳሩ 84 ጻፈብኝ፣ መሣሪያቸው የተበላሸ ነው" ብለሽ ማልሽልኝ። እውነትሽን ነው፣ ቆጣሪሽ 80 ነበር። መሣሪያቸውም አልተበላሸም።

ስልኬን በጂፒኤስ ከፍቼ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጬ ነዳሁ። ቆጣሪሽ 80 ሲል ስልኩ 84። 100 ሲል 105። ወርጄ ጎማውን አየሁት። የቪትዝሽ የጎማ ልክ 165/70 አር 14 ነው፤ አንቺ 185/70 አስገጥመሻል። "ከፍ ትበልልኝ" ብለሽ መሆን አለበት። ቁመቱ ከ587 ሚሊ ሜትር ወደ 615 ወጣ፣ በመቶ አምስት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ጎማው በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል፣ ቆጣሪው ግን ዙሩን ብቻ ነው የሚያውቀው። ብዙ መኪና ላይ ቆጣሪው ከእውነቱ ትንሽ አብዝቶ ስለሚያሳይ ይህን ይሸፍን ነበር። የአንቺ ዳሽቦርድ ስንቴ እንደተፈታ ማን ያውቃል፤ መጠባበቂያም አልተረፈለትም።

ስለዚህ የቀድሞውን ልክ አራት ጎማ አዝዣለሁ፣ ሐሙስ ይመጣል። ቆጣሪሽ እስኪስተካከል 75 ላይ ያዢው። ዕቃዋ በካርቶኗ አልጋሽ ሥር ናት። ሽቦውን አልነቀልኩትም፣ ከመስታወቱ ጀርባ ተጠቅልሎ አለ፤ እኔ እንደሆንኩ በባንክ በር ሁሉ እየደነገጥኩ መንዳት አልወድም፣ አንቺ እንዳሻሽ። ቅጣቱን ግን ጊዜው ሳያልፍ ክፈዪ።

ቅዳሜ በጠዋት ነዪ። እነዚህን ትልልቅ ጎማዎች የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ፤ ዋጋውን እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ አጠገቤ ዝም ብለሽ ቁሚ።

አባትሽ