ዓለም ሳይፈጠር ባዶ ቦታ ነበረ ወይ?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ የጠየቅሽኝ ነገር ለደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልሽ። «ዓለም ሳይፈጠር ባዶ ቦታ ነበረ ወይ?» ነበር ያልሽው።

በዚሁ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1715 እና 1716 ሁለት ሊቃውንት በደብዳቤ ተፋጠዋል። አንዱ የሃኖቨሩ ጀርመናዊ ፈላስፋ ላይብኒዝ ነው። ሌላው የለንደኑ ቄስ ሳሙኤል ክላርክ፣ የእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ የኒውተን ወዳጅና ጠበቃ። መሃል ሆና ታቀባብላቸው የነበረችው የዌልስ ልዕልት ካሮላይን ናት።

ለኒውተን ኅዋ፣ ማለትም አንቺ ባዶ ቦታ ያልሽው፣ ምንም ነገር ባይኖርበትም ራሱን ችሎ ያለ ነው። እግዚአብሔር ሁልጊዜና በሁሉም ስፍራ በመኖሩ ኅዋንና ጊዜን ያስገኛል ብሎም ጽፏል። «ምሉዕ በኵለሄ» ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ ብዙም አይከብድም። ላይብኒዝን ግን አልዋጥ አለው። ኅዋ ክፍል ክፍል አለው፤ እግዚአብሔር ይከፋፈላል እንዴ? ክላርክ «የኅዋ ክፍሎች አይነጣጠሉም» ብሎ መለሰ።

እኔን የያዘኝ የላይብኒዝ ሌላው ክርክር ነው። ኅዋ ራሱን የቻለ ነገር ከሆነ፣ እግዚአብሔር ዓለምን ምሥራቁን ምዕራብ አድርጎ ያላስቀመጠው ለምንድን ነው? ሁለቱን የሚለይ ምንም ነገር የለም። እግዚአብሔር ደግሞ ያለ ምክንያት አይሠራም። ስለዚህ ኅዋ በነገሮች መካከል ያለ ሥርዓት ብቻ ነው አለ። ቦታን ከዘር ሐረግ ጋር ያመሳስለዋል። ሰው ሳይኖር አክስትና አጎት የሚባል ነገር አለ? በሱ ቤት ላንቺ ጥያቄ መልሱ «አልነበረም» ነው።

ክላርክ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ራሱ በቂ ምክንያት ነው» አለ። እዚህ ላይ ለላይብኒዝ እፈርዳለሁ።

የኒውተን ባልዲ ግን አለች። ውኃ ሙይና በገመድ አንጠልጥያት፤ ገመዱን ጠምዝዘሽ ልቀቂው። መጀመሪያ ባልዲዋ ስትሽከረከር ውኃው ለጥ እንዳለ ነው። ቆይቶ አብሯት ሲዞር መሃሉ ይጎደጉድና ዳር ዳሩ ሽቅብ ይወጣል። ያኔ ውኃውና ባልዲዋ አንዱ ካንዱ አንጻር አይንቀሳቀሱም። ታዲያ ውኃው የሚዞረው ከምን አንጻር ነው? ኒውተን «ከኅዋ» ይላል። ላይብኒዝ በአምስተኛው ደብዳቤው ከሌላ ነገር አንጻር ብቻ ከሚታይ ለውጥ የተለየ እውነተኛ እንቅስቃሴ የሚባል ነገር እንዳለ ሲያምን ክላርክ ቶሎ ያዘው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ጋ ላይብኒዝ አላሳመነኝም።

ላይብኒዝ በኅዳር 1716 አረፈ፤ ክላርክ ደብዳቤዎቹን በ1717 አሳተማቸው። አንቺስ ለማን ትፈርጃለሽ? ስትደውዪ ንገሪኝ። አባትሽም ሰላም ብሎሻል።

እናትሽ