የሳይንስ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ የሁለት ራጆች ነገር

የዘንድሮው ሥራችን ስለ ሲክል ሴል፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋስን እንደ ማጭድ ስለሚያጎብጠው በዘር የሚወረስ የደም በሽታ መሆኑ ሲሰማ አንዳንድ ወላጆች "እኛ ጋ የሌለ በሽታ ምን ያደርግላችኋል?" ብለው ጠይቀውኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከእሱ ልጀምር። በሽታው በደጋው ብዙም አይሰማም እንጂ አገራችን ውስጥ አለ። በምዕራቡ ቆላ፣ ወባ በሚበረታበት አካባቢ ይገኛል። ከወባ ጋር ደግሞ የቆየ ዝምድና አለው። አንቶኒ አሊሰን የተባለ ሐኪም በ1954 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ዘረመሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ወባን የተሻለ ይቋቋማል። ከእናትም ከአባትም የወረሰ ግን ይታመማል። ስለ ወባ ሲሰማ ላደገ ልጅ ይህ እንዴት የሩቅ ነገር ይሆናል?

መስከረምና ጥቅምት በምዝገባና በስብሰባ አለፉ። ኅዳር ላይ ደም በማይክሮስኮፕ ለማየት ተሰናድተን ነበር፤ አምፖሉ ተቃጥሎ ተገኘ። ደብዳቤ ጻፍን። ይኸው ሰኔ ገባ፣ አምፖሉ አልመጣም። ስለዚህ ልጆቻችን እንደ ማጭድ የጎበጠውን ቀይ የደም ሕዋስ ያዩት በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው።

ወደ ራጅ የወሰደን ታሪክ ነው። ጄምስ ሄሪክ የተባለ የቺካጎ ሐኪም በ1910 እ.ኤ.አ. ስለነዚህ ሕዋሳት ሲጽፍ፣ ታካሚው ከግሬናዳ ደሴት የመጣ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነበር። ስሙ ዋልተር ክሌመንት ኖኤል ይባላል። ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ ገባ፣ ክሊኒክ ከፈተ፣ በ1916 እ.ኤ.አ. በ32 ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ። ይህን ሳነብላቸው አንዱ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ የታመመው ደሙ ነው፤ ሳንባው ምን ሆኖ ነው?" አለ። የዓመቱ ሥራችን ከዚህች ጥያቄ ወጣ።

የካቲት ላይ ወደ አንድ ሆስፒታል የራጅ ክፍል ሄድን። የተገኘው ገንዘብ ለአንድ ሚኒባስ ብቻ በቃ፤ ስለዚህ ከ26 አባላት የሄዱት 12 ናቸው። አሥራ አራቱን መርጦ ማስቀረት ዘንድሮ ከሠራሁት ሁሉ የከበደኝ ሥራ ነው። ደግሞ ለሚሰጉ ወላጆች፦ ማንም ልጅ ራጅ አልተነሳም። ያየነው ቀድሞ የተነሳ ፊልም ብቻ ነው።

የራጅ ባለሙያዋ ለማስተማሪያ ካስቀመጡት ውስጥ ከቡናማ ፖስታ ሁለት ፊልም አወጡ። ስም ያለበት ጥግ በፕላስተር ተሸፍኗል። ፊልሙ ሲወዛወዝ እንደ ስስ ቆርቆሮ ይንኳኳል። መብራቱ ላይ ጎን ለጎን ሰቀሏቸው። የአንድ የሲክል ሴል ታካሚ ልጅ ደረት ነው፤ ሁለት ጊዜ የተነሳ። ሳንባ አየር ስለያዘ ጨረሩ ያልፍበታል፣ ፊልሙ ላይ ጠቆር ይላል። አጥንትና ልብ ይነጣሉ። "እስቲ ምን ይለያያሉ?" አሉ።

ዝም ተባለ። ከዚያ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ወደ መብራቱ ተጠጋች። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን የሰማሁት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። በደብተሯ የግራውን ፊልም ሸፍና የቀኙን አየች። ቀጥላ የቀኙን ሸፍና የግራውን አየች። እንደገና። ከዚያ ጣቷን ወደ ሳንባው ግርጌ አስጠጋች፤ ፊልሙን ግን አልነካችውም። "ሲስተር፣ እዚህ ጋ ጥቁሩ ጠፍቷል" አለች። እውነትም ደመና የመሰለ ነጭ ነገር አርፎበታል።

"ልጁ የመጣው ጎኔን አመመኝ ብሎ ነው" አሉ ባለሙያዋ። "የመጣ ዕለት ሳንባው ይኸው ንጹህ ነው። ሁለተኛው ከሁለት ቀን በኋላ የተነሳ ነው።"

"ሁለተኛው ባይነሳስ ኖሮ?" አለች ልጅቷ።

ባለሙያዋ ወዲያው አልመለሱም። ከኋላ አንዱ "ዳነ?" ሲል ጠየቀ። "ድኗል" አሉ። ያኔ ነው ክፍሉ ውስጥ ትንፋሽ የተሰማው። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ልጅቷ ሳታውቀው የጠየቀችው ተመራማሪዎቹ የጠየቁትን ነው። ሐኪሞች ይህን የሳንባ ችግር አኪዩት ቼስት ሲንድረም ይሉታል። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የደረት ሕመም ላለበት የሲክል ሴል ታካሚ ይህን ስም ለመስጠት ራጁ ላይ አዲስ ጥላ፣ ማለትም ልጅቷ ያየችው ዓይነት ነጭ ደመና፣ መታየት አለበት። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በ30 ማዕከላት 538 ታካሚዎች በዚህ የሳንባ ችግር የታመሙባቸውን 671 አጋጣሚዎች መረመረ። ግማሽ የሚጠጉት ሆስፒታል የገቡት ለሌላ ነገር ነበር፤ በአብዛኛው ለሕመም ስቃይ። ሳንባቸው የታመመው ከገቡ በኋላ ነው። ልክ እንደዚያ ልጅ። ይህን ማወቅ የተቻለው ራጁ ደግሞ ስለተነሳ ነው። እርግጥ ራጅ ጥላውን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ኢንፌክሽን ይሁን ወይስ የተዘጋ የደም ስር፣ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ልጆቹም ይህንን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

መጋቢት ላይ ከሲንሲናቲ የወጣውን የ1995 እ.ኤ.አ. ጥናት በጠመኔ ሠራነው። ጎድኑን የሚያመው የሲክል ሴል ታካሚ በደንብ አይተነፍስም፤ የሳንባው ግርጌ ይጨማደዳል። ታዲያ ሐኪሞቹ ለግማሾቹ አየር በጥልቀት የሚሳብበት ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ ሰጡ፤ በየሁለት ሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ። ውጤቱን በራጅ ለኩ። ያቺው ልጅ ሰሌዳው ላይ 19 ክብ በግራ፣ 19 ክብ በቀኝ ሣለች። መሣሪያውን ካላገኙት ወገን ሳንባቸው የተጎዳውን 8 አጠቆረች። ከሌላው ወገን 1። ክፍሉ ውስጥ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም።

ከዚያ የራሳችንን መለኪያ ሠራን። ባለ 5 ሊትር ጄሪካን፣ የውሃ ጎማ፣ ሳፋ፣ ማርከር። ጄሪካኑ በውሃ ተሞልቶ ሳፋ ውስጥ ይደፋል፣ በጎማው አየር ይነፋበታል፣ የወረደው ውሃ ይለካል። የታካሚዎቹ ይሳባል፣ የኛ ይነፋል፤ የሳንባን አቅም ለማሳየት ግን በቂ ነው። በወላጆች ቀን ጎማው ሾልኮ ጠረጴዛው በውሃ ተጥለቀለቀ፤ ሁለት ፖስተር ተበላሸ። ልጆቹ በአሥር ደቂቃ ጠግነው ቀጠሉ። የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ እንኳ ተሰልፈው ነፍተዋል።

የሚቀጥለው ዓመት የምንፈልገው ብዙ አይደለም። የማይክሮስኮፕ አምፖል፣ አንድ ያገለገለ የፊልም ማያ መብራትና የሁለተኛ ሚኒባስ ኪራይ። የቀሩት አሥራ አራቱ ልጆች ቀድመው ይሄዳሉ ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። አምፖሉን የሚሸጠውን ሱቅ ራሳቸው አፈላልገው ዋጋውን በክበቡ ደብተር ጽፈውታል። ደብተሩ ላቦራቶሪው ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ማየት የሚፈልግ ወላጅ እስከ ሰኔ 30 ያገኘኛል።