የጎረቤትህን በር አንኳኳ

ልጄ፣ የኔ ጌታ፣

ትኩሳቱ ለቀቀህ ወይ? የአክስትህ ልጅ ነው የነገረኝ። እዚያ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ በርህን ዘግተህ ስትንቀጠቀጥ ሰንብተህ፣ ከጎንህ ያለው ሰው እንኳ አላወቀም አለኝ። ያን ቀን እህል አልወረደልኝም። ደግሞ ለምን ደበቅከኝ? ሁለተኛ እንዳይለምድህ።

አንድ ነገር ልለምንህ። የጎረቤትህን በር አንኳኳ። ፈረንጅም ይሁን ሐበሻ፣ ስምህን ንገረው።

ካዛንቺስ እንዴት እንዳደግህ ረሳኸው? እኛንና ጎረቤታችንን እማማን የሚለየን ያ የጭቃ ግድግዳ ነበር፤ እሱም ኮርኒሱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። እነሱ ሽንኩርት ሲያቁላሉ እኛ እናስነጥሳለን። አባትህ ሲያስል እማማ ከወዲያ ሆነው "እግዜር ይማርህ" ይሉታል። አራት ዓመትህ ላይ ሌሊት ትኩሳት ጥሎህ ስታቃስት፣ እኔ ገና ነጠላዬን ስፈልግ እሳቸው በሩን ይደበድቡ ነበር። ዘውዲቱ ሆስፒታል ድረስ አዝለው የወሰዱህ እሳቸው ናቸው። ጎረቤትህን እወቅ የምልህ ለዚህ ነው።

ሰፈሩ ምቹ ነበር አልልህም። ሽንት ቤቱ የሁላችን፣ ጣሪያው ወንፊት። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የነበረው ሁሉ ለቀበሌ ገባ። የእኛም ተርታ እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ማን አደሰው? እዚህ አሁን የገባንበት ገላን ጉራ የራሳችን መታጠቢያ አለን፣ ተመስገን።

ግን በ2017 ጥቅምት ሰፈሩ ሲነሳ ሰዉ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ተበተነ። ማን የት እንደገባ ለመጠያየቅ እንኳ ፋታ አልነበረም። እማማ ልጃቸው ጋ ሄዱ። ብደውል ብደውል ስልካቸው አይነሳም። ማረፋቸውን የሰማሁት ሳልስቱ ካለፈ በኋላ ነው። አንተን ያዘሉ ሴትዮ አፈር ሲለብሱ አልነበርኩም! ብሄድ ድንኳኑም ተነስቷል። የማላውቀው ግቢ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ። ያኔ ቢሆን የእድሩ ጡሩምባ ገና ጎህ ሳይቀድ ከአልጋዬ ያስነሳኝ ነበር። ይሄ እስከዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ ስማኝ። ትርፍ ቁልፍ አስቀርጽና ለጎረቤትህ ስጠው። የአክስትህን ልጅ ስልክ ፍሪጁ ላይ ለጥፍ። መድኃኒቱን ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ። በባዶ ሆድ ቡና አትጠጣ፣ ሾርባ ሠርተህ ጠጣ። በዚህ ወር ብር እንዳትልክልኝ፣ ለሐኪም ክፈልበት። በሩን ግን ዛሬውኑ አንኳኳ፤ ነገ ከነገ ወዲያ እንዳትለኝ።

ቁልፉን ለማን እንደሰጠህም ስሙንና ስልኩን ጻፍልኝ። ደውዬ አመሰግነዋለሁ፣ ቋንቋ ባንግባባም።

እናትህ