ስማቸውን ከድንጋዩ ላይ አየሁት

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ እንዲህ ብዬ መጠየቄ ራሴንም ያሳፍረኛል፤ ሆኖም ትናንት ያየሁትን ላንተ ሳልጽፍ ባድር እንቅልፍ የሚወስደኝ አልመሰለኝም።

ለትምህርት ከመጣሁባት ከህንዷ ባንጋሎር ተነሥቼ 220 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ከተጓዝኩ በኋላ፣ በካርናታካ ግዛት ቤሉር በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘውን የቼናኬሻቫን ቤተ መቅደስ ተሳለምኩ ልበል፣ ጎበኘሁ ልበል፣ እኔም አላውቅም። የሆይሳላ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ቪሽኑቫርዳና በታላካድ ተቀናቃኞቹን ቾላዎችን ድል ባደረገ ማግስት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1117፣ ቪሽኑ ለተባለው የሂንዱ አምላክ ያቆመው ነው፤ በእኛ አገር ላሊበላ ገና አልነገሠም ነበር። ዛሬም የሚጸለይበት ስለሆነ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን፤ በቀትር ፀሐይ የጋለውን የድንጋይ ንጣፍ በባዶ እግሬ ስረግጥ እንዴት እንደዘለልኩ ብታይ ትስቅብኝ ነበር።

አንተ አስቀድመህ የምትጠይቀኝ ስለ ድንጋዩ መሆኑን አውቃለሁ። የሳሙና ድንጋይ ነው፤ ከመሬት እንደወጣ ለመሮ የሚታዘዝ፣ አየር ካገኘው በኋላ ግን እየጠነከረ የሚሄድ። እንደ ላሊበላ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሳይሆን ተጠርቦ የተገጣጠመ ሕንፃ ሲሆን፣ በውስጡ ካሉት ምሰሶዎች ብዙዎቹ በቶርኖ እንደተላገ እንጨት እየተሽከረከሩ የተሠሩ ናቸው። በውጭው ግድግዳ ግርጌ ዝሆኖች አንዱ ሌላውን ሳይመስል በረድፍ ተሰልፈዋል። ወለሉ ኮከብ መሰል ስለሆነ ዙሪያውን ስትዞር ግድግዳው በየእርምጃው ይታጠፋል፤ ጥላውም አብሮ ይታጠፋል።

እኔን ያስቀረኝ ግን ከጣራው ክፈፍ ሥር ነው። እዚያ ማዳኒካ የሚሏቸው፣ ከውስጦቹ ጋር 42 የሚሆኑ የሴት ምስሎች ወደ ፊት ዘንበል ብለው ቆመዋል። አንዷ መስታወት ይዛ ራሷን ትመለከታለች፤ ጎብኚው ሁሉ የሚያነሣት እሷን ነው። እኔ የወደድኩት ከሌላዋ ራስ በላይ ካለው ሐረግ ውስጥ የተደበቀውን ነው፤ ፍሬ ላይ ዝንብ አርፋለች፣ አጠገቧ እንሽላሊት ሊይዛት አድፍጧል። ከታች ቆሞ ለሚያየው ሰው ጭራሽ የማትታይ ዝንብ ለመቅረጽ ስንት ቀን እንደፈጀ አንተ ትገምታለህ።

ከአንዳንዶቹ ምስሎች ሥር ደግሞ ጽሑፍ አለ። አስጎብኚው ሲያነብልን የቀራጺዎቹ ስም ሆኖ ተገኘ። ዳሶጃ የተባለው ከባሊጋቪ የመጣ ሲሆን፣ ልጁ ቻቫናም የራሱን ሥራዎች በስሙ ፈርሟል። ስም ብቻ አይምሰልህ፤ ሌሎች ቀራጺዎችን የሚያንኳስስ ማዕረግ ጭምር አክለውበታል፣ ፉከራ በለው! ንጉሡም ካህናቱም ይህን እያዩ ዝም ብለዋል።

እዚያ ቆሜ ያንን ቀን አሰብኩ። አምስት ወር የደከምክበት ሐውልት ሲመረቅ ስምህ ሳይነሣ ሲቀር፣ እኔ ደግሞ «ሥራው ራሱ ስምህ ነው፤ የቀድሞዎቹስ መች ፈረሙ?» ብዬ አስተማሪ ሆንኩብህ። አንተ መልስ ሳትሰጠኝ መሮህን ጠቅልለህ ወጣህ፤ እኔም ኩራት ይዞኝ ሳልጽፍልህ ቀረሁ። የቀድሞዎቹ ፈርመው ነበር፤ እኔ ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። ይቅርታህን እለምናለሁ።

የቻቫናን ስም በካርናታካ ቋንቋ በካንናዳ ፊደል እንደነበረ ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ የእጅ ጽሕፈቴ እንደምታውቀው ስለሆነ ብዙ አትመርምረው። ሐውልቱ ዛሬም እዚያው ግቢ ቆሞ እንደሆነ ጻፍልኝ። እነዚህ ስማቸውን ያኖሩት ከምስሉ እግር ሥር ነው፤ አንተ ብትሆን የት ታደርገው ነበር?

ወዳጅህ