የሐጂ በርጩማ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 26 ቀን 2018

አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የልጅ ልጅዎ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው «ሰላም» ማለት አቅቶታል። ታላቋ በክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ፣ አንደኛ ባለመሆኗ ሁለት ቀን አኮረፈች። ኩርፊያው ከማን እንደተወረሰ አልጽፍም።

እማዬ የዓይን ሞራዎ ታኅሣሥ 7 እንደሚወጣ ነግራኛለች። ጠብታውን ማን ያደርግልዎታል? የእሷ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ጎንበስ አይበሉ ካለ ስግደትንም ይጨምራል፤ እባክዎ አይከራከሩት። ፊደሉን ያጎላሁት ማንም ሳያነብልዎ ራስዎ እንዲያነቡት ነው።

ሐጂ ካረፉ ወዲህ በረንዳው ላይ አይቀመጡም አሉ። ሁለቱንም በርጩማዎች ጓዳ አስገብተዋል።

እኔ እኮ ያደግሁት በእነዚያ በርጩማዎች መካከል ነው። አንድ ቀን ሥላሴን ለማስረዳት የራስዎን ገልብጠው ሦስቱን እግሮች ሲቆጥሩ፣ ሐጂ መቀመጫውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «እንጨቱ ግን አንድ ነው» አሉ። «እኔስ ምን አልኩ!» ብለው ሲጮኹ ሐጂ በሳቅ ቡናቸውን ደፉ። ማንም ማንንም አላሳመነም፤ በማግስቱ ካቆማችሁበት ቀጠላችሁ። ለፋሲካ በግ ሲልኩላቸው ከነነፍሱ ነበር፣ በራሳቸው ቢላዋ ቢስሚላህ ብለው እንዲያርዱት። አምና ረመዳን ሙሉ በሙሉ ሁዳዴ ውስጥ ሲወድቅ ደግሞ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መብላት ሲችሉ ሐጂ እስኪያፈጥሩ ይጠብቁ ነበር አሉ። ሽሮ ላይ የማን ቢላዋ የሚያስብል ነገር የለም፤ ከአንድ ትሪ በላችሁ።

ታዲያ ያ ሁሉ ትዕግሥት ለእኔ ሲሆን የት ሄደ?

በ1996 ጴንጤ ሆኛለሁ ስልዎ አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። «ከቤቴ ውጪ» አሉኝ። ሦስት ሌሊት ያደርኩት ሐጂ ቤት ነው፣ በልጆቻቸው መካከል ፍራሽ ተነጥፎልኝ። ለሱብሂ ሲነሱ እኔን ላለመቀስቀስ በጣታቸው ይራመዱ ነበር። በአራተኛው ቀን ራሳቸው ይዘውኝ መጡ። ምን እንዳሉዎት እስከ ዛሬ አላውቅም። ገባሁ፤ ዝም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጤና፣ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ልጆች እናወራለን። «ለምን?» ብለውኝ ግን አያውቁም። ሐጂን አርባ ዓመት ሙሉ ጠይቀዋቸዋል።

ጥፋቴን አልክድም። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እማዬን የማርያምን ሥዕል ከግድግዳ አውርጂ አልኳት። ሐጂ እንኳ ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። በቁርኣን በስሟ የተሰየመ ምዕራፍ እንዳለ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። የእርስዎን እምነት አክብሮ መናገርን ከሐጂ መማር ነበረብኝ፤ አልተማርኩም።

በ2003 አሰንዳቦ አካባቢ የእኛ ጸሎት ቤቶች በተቃጠሉ ሰሞን፣ እኛ ገና ጅማ ሳለን፣ ከሐጂ ጋር ጋቢ ተከናንባችሁ ደጃችን ላይ አደራችሁ። ሲነጋ ሐጂ ገብተው ሻይ ጠጡ። እርስዎ አልገቡም። ዱላዎን ጉልበትዎ ላይ አጋድመው ተቀምጠው በመስኮት አየሁዎት። ዛሬም ያ ሌሊት ሲነሳብኝ የቱን እንደምይዝ አላውቅም፣ መምጣትዎን ወይስ አለመግባትዎን።

ታኅሣሥ 6 እመጣለሁ። ልጆቹ ፈተና ስላለባቸው ብቻዬን ነኝ። ጠብታውን እኔ አደርግልዎታለሁ። የነቢያት ጾም ስለሆነ ሽሮ አስፈጭቼ ይዣለሁ፤ እኔም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልነካውም። በርጩማዎቹን ግን እርስዎ እንዳያነሷቸው፤ ስደርስ እኔ አወጣቸዋለሁ።

ልጅዎ