«ሪላፕስ»ን እንዲህ አታጣጥሉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በመዝናኛ ገጻችሁ የአሜሪካዊውን ራፐር የኤሚነምን «ሪላፕስ» አልበም «የከሸፈ መመለሻ» ብላችሁ ማለፋችሁ ትንሽ ግፍ ነው። ሰውዬው በመድኃኒት ሱስ ሞት አፋፍ ደርሶ ነው፣ ካለፈው አልበሙ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ አልበም ይዞ የመጣው። ሃያስያኑ ያኔም እርስ በርስ አልተስማሙም። ያ እየቀያየረ የሚያመጣው እንግዳ አነጋገር ብዙዎቹን አሰልችቷል፤ እውነት ለመናገር እኔንም ያታክተኛል። ግን ቤት አመታቱን ስሙት እንጂ! አንዷን ድምፅ ይዞ ስንኝ ሙሉ ይነዳታል፣ ቃሉንም የሚያጣምመው እኮ ቤት እንዲመታለት ብሎ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ጽሑፋችሁ አንድ መስመር እንኳ አልሰጠም። እዚህ ደብረ ብርሃን፣ በብርዱ በሩን ዘግተው ጸጉር የሚቆርጡት ልጆች አልበሙን ሲከፍቱት ግጥሙ ሳይገባቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ (መቀሱን ይዘው ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር)። አልበሙ የግራሚን የምርጥ ራፕ አልበም ሽልማትም ወስዷል። በእርግጥ ራሱ ኤሚነም በቀጣዩ አልበሙ «ሪከቨሪ» ላይ አጣጥሎታል፤ ጸሐፊያችሁም ያንን ይዞ የፈረደ ይመስለኛል። ዘፋኝ ስለ ራሱ ሥራ ሁሌ ልክ ነው ያለው ማነው? ለሚቀጥለው ቢያንስ ሁለት ሦስት ዘፈን እየጠቀሳችሁ ተቹልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን